ስሪ ኤም 6200 ከፒ100 ፊልተር ጋር፦ አቧራ ላይ ለሚውል ሠራተኛ ያዋጣል?

መልሱን ከፊት እናስቀምጠው። ድንጋይ ለሚቆርጥ፣ ብረት ለሚበይድ፣ እንጨት ለሚያለሰልስ ወይም ወፍጮ ቤት ለሚውል ሰው ይህ ማስክ ገንዘቡን ያወጣል። ያወጣል የምንለው ግን ፊት ላይ ልክ ሲገጥምና ፊልተሩ በኮምፕረሰር ሳይነፋ ነው። ግራናይት ወይም ሰው ሠራሽ ኳርትዝ በደረቁ ለሚቆርጥ ደግሞ ሁሉም ተሟልቶ እንኳ ማስኩ ብቻውን አይበቃውም። ለምን እንደማይበቃ ወረድ ብለን በቁጥር እናሳያለን።

የምናወራው ስሪ ኤም 6000 በሚል ተከታታይ ስለሚሸጠው፣ አፍንጫን፣ አፍንና አገጭን ስለሚይዘው ግማሽ ፊት ማስክ ነው። በሦስት ልክ ይመጣል፦ 6100 ትንሽ፣ 6200 መካከለኛ፣ 6300 ትልቅ። ግራና ቀኝ ሁለት የአየር ማስገቢያ አለው፤ ፊልተሮቹ እዚያ ላይ ተቀምጠው ሩብ ዙር ወደ ቀኝ ሲጠመዘዙ ይቆልፋሉ። መሃሉ ላይ፣ ከክዳን ሥር፣ የተነፈስነው አየር የሚወጣበት ስስ ቫልቭ አለ። ማስኩ ለብቻው፣ ፊልተሩ ለብቻው ጥንድ ሆኖ ይሸጣል። ይህን የማያውቅ የግዢ ክፍል ማስኩን ብቻ አዞ መጋዘን ያስገባል፤ ፊልተር የሌለው ማስክ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ጎማ ነው።

በርካሹ ለምን አይሆንም? ሻሽ፣ ነጠላ፣ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ሁሉም አንድ ዓይነት ድክመት አለባቸው። በዓይን የሚታየው አቧራ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ተይዞ በንፍጥና በአክታ ይወጣል። ሳንባ ጥግ ድረስ የሚወርደው ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው፣ በተለይም ከ4 ማይክሮን የሚያንሰው ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ይህን ብናኝ ማንም አያየውም። ሠራተኛው ማታ ሻሹን ሲያራግፍ ነጭ ዱቄት ይወርዳል፤ «ይኸው ይዞልኛል» ይላል። ሻሹ የያዘለት ግን ያን ያህል የማይጎዳውን ነው። አደገኛው በጨርቁ ክርና በጉንጩ ዳር አልፎ ገብቷል።

ኤን95 ግን የተለየ ነገር ነው፤ በእሱ ላይ ክፉ አንናገርም። ለመያዝ አስቸጋሪ ከሆነው 0.3 ማይክሮን አካባቢ ካለው ብናኝ ቢያንስ 95 ከመቶውን ያስቀራል። ለአጭር ሥራ፣ ለክሊኒክ፣ ለጥቂት ሰዓት ጽዳት ጥሩ ነው። ችግሩ ሁለት ነው። ላብ የበዛበት፣ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሰው በየፈረቃው እየጣለ አዲስ ማውጣት አለበት፤ በተግባር አንዱን ሳምንት ሙሉ ያደርገዋል። ሌላው ሐሰተኛው መብዛቱ ነው። ትክክለኛ ኤን95 ላይ ናዮሽ የሚለው የአሜሪካው ተቋም ስም፣ ኤን95 የሚለው ምልክትና ቲሲ-84ኤ ብሎ የሚጀምር የፈቃድ ቁጥር ታትሞ ይገኛል፤ ማሰሪያውም በጭንቅላት ዙሪያ የሚሄድ ሁለት ላስቲክ ነው። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል «ኤን95» ካያችሁ ጠርጥሩ። ጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው ኬኤን95 በቻይና ደረጃ የሚሠራ ሌላ ዕቃ ነው፤ ማንጠልጠያው ልል ስለሆነ ጉንጭ ላይ አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ኤፍኤፍፒ2 የሚለውን የአውሮፓ ምልክት ካገኛችሁ ደግሞ 94 ከመቶ፣ ኤፍኤፍፒ3 ከሆነ 99 ከመቶ ማለት ነው።

ወደ 6000ው እንመለስና፣ ማስኩን ማስክ የሚያደርገው ፊት ላይ መግጠሙ ነው። ፒ100 ፊልተር 99.97 ከመቶ ይይዛል፤ ይህ በቤተ ሙከራ የተለካ ነው። አየር ግን ሰነፍ ነው፤ የሚቀለውን መንገድ ይመርጣል። በፊልተሩ ከማለፍ ይልቅ አፍንጫ ሥር ባለች ክፍተት መግባት ከቀለለው በእሷ ይገባል። ለዚህ ነው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ለማንኛውም ግማሽ ፊት ማስክ የሚሰጠው የመከላከል ደረጃ 10 ብቻ የሆነው። ፊልተሩ ፒ100ም ይሁን ኤን95 ቁጥሩ ያው 10 ነው፤ ማለትም ውጭ ካለው አቧራ አንድ አሥረኛው ውስጥ ይገባል ተብሎ ይታሰባል። ሻጭ «ይሄ 99.97 ነው» ብሎ ሲምል አልዋሸም፤ የተናገረው ስለ ፊልተሩ ነው፣ ስለ ፊታችሁ አይደለም።

ልክ ሲመረጥ ሱቅ ውስጥ ያለው 6200 ብቻ ስለሆነ ሁሉም እሱን ይወስዳል። ፊታቸው ቀጠን ያለ ወንዶችና ብዙ ሴቶች 6100 ያስፈልጋቸዋል። ልኩ የማይሆን ማስክ የሚታወቀው በሁለት ቦታ ነው፤ ሲበዛ አገጭ ሥር ይንሸራተታል፣ አፍንጫ ጫፍ ላይም ክፍት ይተዋል። ሲያንስ የታችኛው ጠርዝ ከንፈር ላይ ይወጣል፣ ስትናገሩም ይላቀቃል። ለሃያ ሠራተኛ የሚገዛ ድርጅት ሃያውንም 6200 ከማዘዙ በፊት ከሦስቱም ልክ አንዳንድ አስመጥቶ ያስለካ።

አለባበሱ ይህን ይመስላል። አራቱን ማሰሪያ አላሉ። ማስኩን አፍና አፍንጫ ላይ አስቀምጡ፣ የላይኛውን የራስ መያዣ አናት ላይ አሳርፉ፣ የታችኛውን ሁለት ማሰሪያ ከማጅራት ኋላ አቆላልፉ። ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል እየጎተታችሁ አጥብቁ፤ መጀመሪያ የላይኛውን፣ ቀጥሎ የታችኛውን። አንዱን ጎን ብቻ አጥብቆ መያዝ ማስኩን ያጣምመዋል። ፊት ላይ ምልክት እስኪቀር ማጥበቅም አይጠቅምም፤ ጠርዙ ተጨምቆ ይታጠፍና የማያስገባው ያስገባል።

ከዚያ ማስኩ በተለበሰ ቁጥር፣ በየቀኑ፣ ሳይዘለል የሚደረግ ፍተሻ አለ። መሃል ያለውን የመውጫ ክዳን በመዳፍ ሸፍናችሁ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ ማስኩ ትንሽ መነፋት አለበት፣ በጠርዙ በኩል አየር ፊታችሁን ከነካ አይሆንም። ቀጥሎ ክብ ጠፍጣፋ ፊልተር ከሆነ መሃሉ ላይ ያለውን ጎድጎድ በሁለት አውራ ጣት ተጭናችሁ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው ከሆነ ደግሞ በመዳፍ ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ሳቡ፤ ማስኩ ወደ ፊት ተጠግቶ 10 ሰከንድ ያህል እንደተጣበቀ መቆየት አለበት። አጥብቆ መሳብ ፍተሻውን ያበላሻል፤ በኃይል ሲሳብ ልኩ ያልሆነ ማስክ እንኳ ይጣበቃል። ሙሉው ፍተሻ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ይህ የዕለት ፍተሻ ግን የመግጠም ፈተናን አይተካም። ፈተናው በዓመት አንዴ፣ እንዲሁም የማስኩ ሞዴል ሲቀየር ወይም የሠራተኛው ፊት ሲለወጥ (ጥርስ ሲነቀል፣ ክብደት በጣም ሲጨምር ወይም ሲቀንስ) ይደረጋል። ቀላሉ ዓይነት ሳካሪን የሚባል ጣፋጭ ወይም ቢትሬክስ የሚባል መራራ ፈሳሽ ይጠቀማል። መጀመሪያ ሠራተኛው ያለ ማስክ መሸፈኛ ኮፍያ ያጠልቅና ቀጭኑ ፈሳሽ ይረጭበታል፤ ጣዕሙን በ10፣ በ20 ወይም በ30 ርጭት ማወቁ ይመዘገባል። በ30 ካልተሰማው በዚያ ፈሳሽ መፈተን አይችልም፣ ወደ ሌላው ይቀየራል። ከዚያ ማስኩን አድርጎ 5 ደቂቃ ይቆያል፤ ወፍራሙ ፈሳሽ ይረጫል፤ በየ30 ሰከንዱ የመጀመሪያው ግማሽ ያህል ይጨመራል። በዚህ መሃል የሚደረጉት እንቅስቃሴዎች እያንዳንዳቸው አንድ ደቂቃ ናቸው፦ በዝግታ መተንፈስ፣ በረዥሙ መተንፈስ፣ ራስን ግራና ቀኝ ማዞር፣ ወደ ላይና ወደ ታች ማንሳት፣ ጮክ ብሎ ማንበብ ወይም ከ100 ወደ ኋላ መቁጠር፣ ማጎንበስ፣ እንደገና በዝግታ መተንፈስ። ጣዕሙ ከተሰማው ወደቀ፤ ሌላ ልክ ወይም ሌላ ሞዴል ይሞከራል። ቡና ጠጥቶ ወይም ሲጋራ አጭሶ የመጣ ሰው 15 ደቂቃ መጠበቅ አለበት፤ አለዚያ ምላሱ ጣዕሙን ስለማይለይ የማይገጥመው ማስክ «ገጠመ» ተብሎ ይመዘገብበታል።

ጢም ያለው ሰው ይህን ማስክ አይግዛ። የአንድ ቀን ጢም እንኳ በጠርዙና በቆዳው መካከል ክፍተት ይፈጥራል። ከማስኩ ውስጥ ተሰብስቦ የሚቀር የላይኛው ከንፈር ሪዝ ግን ችግር የለበትም። በሃይማኖት ወይም በምርጫ ጢሙን ለማይላጭ ሠራተኛ የሚሆነው አየር በባትሪ ማራገቢያ የሚገፋ ላላ ያለ ኮፍያ ነው፤ ኦሻ የሚሰጠው ደረጃ 25 ነው። ዋጋው ከ6200 ጋር አይነጻጸርም፣ ባትሪውም በየቀኑ መሞላት አለበት፤ ግን በጢም ላይ ግማሽ ፊት ማስክ ከማድረግ ይሻላል። ሻሽ ወይም ሂጃብ የምታደርግ ሠራተኛ ጨርቁ ከማስኩ ጠርዝ ሥር እንዳይገባ ትጠንቀቅ። ፊትን ቅባት ወይም ቫዝሊን ተቀብቶ መልበስም ጠርዙን ያንሸራትታል።

አሁን ፊልተሩ። ለዚህ ማስክ በብዛት የሚገዛው 2091 ነው፤ ሐምራዊ ቀለም ያለው፣ ጠፍጣፋ፣ ቀላል ፒ100። 2097 ያው ሆኖ ስስ የካርቦን ንጣፍ ተጨምሮበታል፤ ለበያጆች የተሻለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከአቧራው በተጨማሪ የሚረብሸውን ሽታ ያቀልላል። 7093 ፕላስቲክ ሽፋን ለብሷል፤ ግራይንደር ለሚይዝ ሰው ብልጭታ እንዳያቃጥለው የምንመርጠው ይህንን ነው። የአውሮፓ ምልክት ያለው ዕቃ ከገጠማችሁ 2135 እና ሽፋን ያለው 6035 ፒ3 ናቸው፤ 99.95 ከመቶ ይይዛሉ፣ በጥሩ ተተኪነት ይታያሉ። 2125 ግን ፒ2 ነው፣ 94 ከመቶ። በመልክ ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን አንብቡ።

መቼ ይለወጥ ለሚለው ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ የተገላቢጦሽ ነው። የአቧራ ፊልተር ሲሞላ መያዙን አይተውም፤ እንዲያውም የበለጠ ይይዛል። የሚለወጠው መተንፈስ ሲከብድ፣ ሲቀደድ፣ ሲረጥብ ወይም ሲቆሽሽ ነው። የዘይት ጉም ባለበት ቦታ (ለምሳሌ ብረት በዘይት እየቀዘቀዘ በሚቆረጥበት) ፒ100 ከ40 ሰዓት ሥራ ወይም ከ30 ቀን፣ ቀድሞ ከደረሰው በኋላ ይጣል። ኤን የሚል ፊደል ያለው ፊልተር ደግሞ ለዘይት ጭራሽ አይሆንም።

መነፋት የለበትም ያልነው በዚህ ምክንያት ነው። መተንፈስ የከበደው ሠራተኛ ኮምፕረሰሩ አጠገቡ አለ። ፊልተሩን ነቅሎ በተቃራኒው ይነፋዋል፤ አቧራው በደመና ይወጣል፤ ሲለብሰው ቀለል ይለዋል፣ «ታደሰ» ይላል። ቀለል ያለው ቃጫው ስለተቀደደ ነው። ቀዳዳው በዓይን አይታይም፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ የሚስበው አቧራውን ነው። በዚያ ላይ የነፋው ደመና ራሱ ያለ ማስክ በቆመበት ቅጽበት ፊቱ ላይ ይወርዳል። ማጠብም ያው ነው፤ ፊልተር አይታጠብም። በፎጣ መጥረግ ይቻላል፣ ከውጭ ብቻ። አሠሪ ይህን ልማድ ማስቆም ከፈለገ ቁጣ አይረዳውም፤ ትርፍ ፊልተር መሳቢያ ውስጥ ሳይቆለፍ ይቀመጥ። ፊልተር ለማግኘት ሦስት ፊርማ የሚያስፈልግበት ድርጅት ሁሉ ኮምፕረሰር ይጠቀማል።

በጣም ከሚያሳስበን ቁጥር አንዱ ደግሞ ማስኩን የማውለቅ ጊዜ ነው። ማስኩ በደረጃ 10 እየሠራ ነው እንበል። ሠራተኛው ከ8 ሰዓቱ 48 ደቂቃ፣ ማለትም አንድ አሥረኛውን ብቻ፣ ስልክ ለማንሳት፣ ከፎርማን ጋር ለማውራት፣ ላቡን ለመጥረግ እዚያው አቧራው ውስጥ ቢያወልቀው የቀኑ መከላከያ ከ10 ወደ 5 ገደማ ይወርዳል። 100 የሚከላከል ማስክ ቢኖረው እንኳ በዚሁ 48 ደቂቃ ወደ 9 ይወርድ ነበር። ስለዚህ ውድ ማስክ ከመግዛት ይልቅ ሰው ስልኩን ሊያወራ የሚወጣበት ንጹሕ ጥግ ማዘጋጀት ይበልጣል። 6000ው ድምፅን ያፍናል፤ ለማውራት ማውለቅ የሚመጣውም ከዚያ ነው። ይህ የዚህ ሞዴል እውነተኛ ጉድለት ነው።

የድንጋዩን ነገር በደንብ እንየው። ኦሻ በ2016 ባወጣው ደንብ በአየር ውስጥ ያለ ሲሊካ (ኳርትዝ ያለበት ድንጋይ ሲቆረጥ የሚነሳው፣ ሳንባ የሚጎዳው ብናኝ) በ8 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ ከ50 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ከባድ ያልሆነ ሥራ የሚሠራ ሰው በፈረቃው ወደ 10 ሜትር ኪዩብ አየር ይተነፍሳል፤ ስለዚህ የተፈቀደው በቀን ግማሽ ሚሊ ግራም ነው፣ ከአንዲት የስኳር ቅንጣት ክብደት ጋር የሚቀራረብ። ግማሽ ፊት ማስክ በደረጃ 10 ሲሠላ እስከ 500 ማይክሮ ግራም ላለበት አየር ብቻ ይበቃል። ዝግ ቤት ውስጥ ግራናይት በደረቅ ግራይንደር ሲቆረጥ ከዚያ መብለጡ የተለመደ ነው። ውኃ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። ዲስኩ የሚነካበት ቦታ ላይ ሳይቋረጥ የሚፈስ ውኃ አቧራው ከመነሳቱ በፊት ይይዘዋል፤ ያው ደንብ በእጅ የሚያዝ መጋዝ ውኃ እየፈሰሰበት በዝግ ቤት ሲሠራ ግማሽ ፊት ማስክ ይጨመር ይላል፣ ውጭ ሜዳ ላይ ከሆነና ከ4 ሰዓት ካልበለጠ ማስክ አይጠይቅም። ቅደም ተከተሉ ይታወቅ፤ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ማስክ። ውኃው ሲደርቅ የቀረውን ጭቃ መጥረግም አቧራውን መልሶ ያነሳዋል፤ እርጥብ እያለ ይታጠብ።

ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። እብነ በረድ አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ሲሊካው ጥቂት ነው። ለኮብልስቶን የሚጠረበው ባዛልትም ነጻ ኳርትዝ ብዙም የለበትም። ግራናይት ግን በተለምዶ ሩብ ያህሉ፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ኳርትዝ ነው፤ የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚመጣው ሰው ሠራሽ ኳርትዝ ከ90 ከመቶ በላይ ሊሆን ይችላል፤ አውስትራሊያ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ያገደችው በእሱ ላይ የሚሠሩ ወጣቶች በጥቂት ዓመት ውስጥ ሲሊኮሲስ በሚባለው፣ ከሲሊካ አቧራ በሚመጣው የሳንባ በሽታ ስለተያዙ ነው። ሲሊኮሲስ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሥራው ከቆመ በኋላም ሊገፋ ይችላል፤ የቲቢን ዕድልም ይጨምራል። ስለዚህ ለአንድ ድንጋይ ቆራጭ የሚመረጠው ማስክ የሚወሰነው በሚቆርጠው ድንጋይ ነው። ለእብነ በረድ በውኃ የሚሠራ ሰው 6200ው ይበቃዋል፤ ሰው ሠራሽ ኳርትዝ በደረቁ የሚያለሰልስ ሰው ሙሉ ፊት ማስክ ያስፈልገዋል፣ ይልቁንም እንደዚያ መሥራቱን ያቁም።

ለሌሎቹ ሙያዎች ፍርዳችን አጭር ነው። አናጺ ጋ ጥሩ ነው፤ የእንጨት አቧራ የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመደቡት ውስጥ ነው። ጥጥ ፈታይ ጋም ይሠራል፤ ሰኞ ሰኞ ደረት የሚጨመድደው፣ በሳምንቱ መጨረሻ የሚሻለው በሽታ የሚመጣው ከጥጥ አቧራ ነው፣ ማስክ ሲደረግ ምልክቱ ሊቀንስ ይችላል። ዱቄት ወፍጮ ቤት አስም ያስነሳል፤ በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ፊልተሩ ሳንባን ያድናል፣ ዓይንን ግን አያድንም፣ ስለዚህ መነጽር ይታከልበት። በያጅ ጋ ጠፍጣፋው 2097 ከብየዳ ኮፍያ ሥር ስለሚገባ ምቹ ነው። የዚንክ ልባስ ያለው ቆርቆሮ ሲበየድ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል፣ ወባ የሚመስል ትኩሳት ይመጣል፤ በ1 ወይም 2 ቀን ይለቃል። ፒ100 ይህን ጭስ ይይዛል። ለዚህ ሲባል ወተት ጠጡ የሚለው የቆየ ምክር ግን ለሳንባ ምንም አይሠራም፤ ወተቱ ወደ ሆድ፣ ጭሱ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው።

ማስኩ የማያቆመው ነገር ከሚያቆመው ያላነሰ መታወቅ አለበት። ፒ100 ጋዝ አይይዝም። ለቀለም ሟሟ ሽታ 6001 የሚባል ካርትሪጅ ላይ 5ኤን11 የሚባል የአቧራ ንጣፍ በ501 መያዣ ይታከላል፤ ወይም ሁለቱን የያዘው 60921 ይገዛል። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው የመኪና ቀለም የሚረጭ ሰው ግን በዚህም አይተማመን፤ አይሶሳያኔት የሚባለው ንጥረ ነገር ሳይሸት ያልፋል፣ አንዴ አስም ካስያዘ በጥቂቱም ያስነሳል፤ ለእሱ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ማስክ ነው የሚመከረው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ደግሞ ከእነዚህ ፊልተሮች የሚያቆም የለም፤ ጀኔሬተር ያለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ማስክ ከሞት አያድንም። ወደ ውኃ ጉድጓድ፣ ወደ ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ወደ ታንከር ይህን አድርጎ መግባት ራስን ማጥፋት ነው፤ እዚያ የጎደለው ኦክስጅን ነው፣ ማስኩ ደግሞ ኦክስጅን አይሠራም። መጨረሻም፣ የሚወጣውን አየር ስለማያጣራ ሳል ያለበት የቲቢ ታማሚ ሌላውን ለመጠበቅ ብሎ አያድርገው።

እንክብካቤው ቀላል ነው። በፈረቃው መጨረሻ ፊልተሮቹ ይነቀሉ፤ አካሉ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፣ ውኃው ከ49 ዲግሪ አይብለጥ። ላኖሊን ያለበት ሳሙና፣ ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ያበላሻሉ። ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ ከደረቀ በኋላ ክዳን ባለው ዕቃ ወይም በታሰረ ላስቲክ ውስጥ ይግባ። ግድግዳ ላይ በምስማር ተሰቅሎ ያደረ ማስክ ውስጡ አቧራ ይሞላል፤ ጠዋት ሲለብሱት ያ ሁሉ በመጀመሪያው ትንፋሽ ይገባል።

ሲያጥቡ የመውጫውን ክዳን ከፍተው ቫልቩን ይዩ። ጠፍጣፋ ካልሆነ፣ ጠርዙ ከተጠቀለለ ወይም አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከሥሩ ካለች ያ ማስክ ክፍት በር ነው። መለዋወጫው 6889 ነው፣ በጣት ይለወጣል። የመግቢያው ጎማ ቀለበት 6895 ነው፤ ሲጠፋ በፊልተሩና በአካሉ መካከል አየር ይገባል፣ ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም ፊልተር ሲነቀል አብሮ ወጥቶ ውኃው ውስጥ ሲወድቅ ነው። 6893 የውስጡ የመግቢያ ቫልቭ፣ 6281 ደግሞ የራስ ማሰሪያው ነው። ማሰሪያው ከሁሉም ቀድሞ ይላላል።

ለረዥም ጊዜ ለሚለበስ ሥራ የዚሁ ኩባንያ 7500 ተከታታይ (7501፣ 7502፣ 7503) ከሲሊኮን ስለተሠራ ፊት ላይ ይለሰልሳል፤ ፊልተሮቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ የተገዛው ትርፍ ፊልተር አይባክንም። 6500ው ደግሞ ማስኩን በአንድ እጅ ወደ ታች የሚያወርድ መቆለፊያ ያለው ዓይነት አለው፤ ከላይ ላነሳነው የማውለቅ ችግር ግን መፍትሔ ነው ወይስ ፈተና የሚለው እንደ ሠራተኛው ነው።

ሰውየው ማስኩን ከመልበሱ በፊት ሐኪም ሊያየው ይገባል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ በዝግ ነገር መጨነቅ ያለበት ሰው የትንፋሹ ክብደት ሊያስቸግረው ይችላል። ሲሊካ ላይ የሚሠራ ደግሞ የሳንባ አቅም ምርመራና የደረት ራጅ መነሻ ይኑረው፤ ከዓመታት በኋላ የተለወጠውን ለማወቅ የሚነጻጸርበት ያስፈልጋል። ወጪው የሠራተኛው አይደለም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ መሣሪያ ማቅረብንም አጠቃቀሙን ማስተማርንም በአሠሪው ላይ ጥሏል።

ለአንድ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ነው፤ በልኩ የተፈተነ አንድ ማስክ፣ ሁለት ጥንድ ፊልተር፣ አንድ 6889 ቫልቭ፣ አንድ ማሰሪያ፣ ክዳን ያለው አንድ ሳጥን፣ ስሙን የሚጽፍበት ማርከር። ከሱቅ ስትወጡ ማሸጊያውን እዚያው ከፍታችሁ ሁለቱም ቀለበቶች በቦታቸው መኖራቸውንና የፊልተሩ ቁጥር ካዘዛችሁት ጋር መስማማቱን እዩ።